ከአንበሳሜ ዋሽንግተን ስንት ነው?

ርቀትን የሚጠይቅ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም እንደ አቅጣጫውና እንደ ማረፊያው ከ13 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። ለአብራሪውና ለትኬት ቆራጩ ይህ ይበቃል። ጥያቄው የተነሣው ግን በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ ከሐሙሲት ተገንጥሎ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አንበሳሜ ከሆነ፣ ጠያቂዎቹም ልጃቸውን ወይም እኅታቸውን ባሕር ማዶ የሸኙ ሰዎች ከሆኑ፣ ቁጥሩ ከተነገረ በኋላም ጥያቄው ካለበት አይነቃነቅም። “ታዲያ ሩቅ ነዋ!” ይላሉ። ቁጥሩን የነገራቸው ሰው ደግሞ “ኧረ አሁንማ ቅርብ ነው፤ ማታ ተሳፍሮ ጠዋት መግባት እኮ ነው” ይላቸዋል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ የሚያወራው ስለ ሁለት ነጥቦች ነው፤ ሌሎቹ የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሌላ ነገር ምንድን ነው? ስሜት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ናፍቆት መንገድን ያስረዝማል፣ ፍቅር ያሳጥራል እየተባለ ስንት ተዘፍኗል። እኔ ግን ሩቅነት ስሜት ነው ብዬ አላምንም። እንደ ኪሎ ሜትሩ ሁሉ የሚለካ፣ መለኪያውም ከማንም የግል ስሜት ውጭ የቆመ ነገር ነው ባይ ነኝ። መለኪያው የት እንዳለ ከማሳየቴ በፊት ግን ኪሎ ሜትሩ ራሱ ምን እንደሚለካ ማየት ያሻል።

11,500 የሚለው ቁጥር ማንም መንገደኛ በትክክል ያልሄደበት መንገድ ርዝመት ነው። ምድር ድቡልቡል ናትና በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው አጭሩ መስመር በገጿ ላይ የተሳለ ቅስት ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ወደ ምዕራብ የሚነጉድ የሚመስለው የዋሽንግተን መንገድ በሉል ላይ ሲታይ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል። ቅስቱን በክር የተከተለ ሰው የሚያስገርም ነገር ያገኛል፤ መስመሩ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፣ በአዊ ምድር ላይ ያልፋል፣ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ወደ ሱዳን ይወርዳል። እንግዲህ የአንበሳሜ ተጓዥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። በሚኒባስ ሐሙሲት ይወጣል፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር ይገባል፣ ከዚያ ወይ ከበላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ 330 ኪሎ ሜትር ያህል በአየር፣ ወይ በደብረ ማርቆስ በኩል 565 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ወደ ደቡብ ይወርዳል። አዲስ አበባ ደርሶ ትልቁ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ፣ የበረራው መስመር እንደ ዕለቱ ነፋስና እንደ አየር መተላለፊያው ይለዋወጥ እንጂ በጂኦሜትሪው ደንብ ጉዞው የሚጀመረው ወደ መጣበት አካባቢ በመመለስ ነው። የመጀመሪያው ቀን ድካም ሁሉ ከመድረሻው እየራቀ የሄደበት ድካም ነበር። ቁጥሩ ይህን አያውቅም። ቁጥሩ የሚያውቀው ቦሌን ነው፤ የአንበሳሜ ሰው ደግሞ ከቦሌ አልተነሣም።

ይህ የቁጥሩ ጉድለት ነው እንጂ የርቀት አይደለም ይባል ይሆናል፤ መነሻውን አስተካክሎ እንደገና መለካት ነው። እሺ፣ እንለካ። የሒሳብ ሰዎች አንድን ነገር ርቀት ብለው ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁታል። ማንኛውም ቦታ ከራሱ ያለው ርቀት ዜሮ ይሁን ይላሉ። ከዚህ እዚያ ያለው ከዚያ እዚህ ካለው ጋር እኩል ይሁን ይላሉ። በሌላ ቦታ ዞሮ መሄድ በቀጥታ ከመሄድ አይጠር ይላሉ። ሦስቱም ማስረጃ የማያስፈልጋቸው እውነቶች ይመስላሉ፤ አእምሯችን ቦታን የሚያስብበት ቅርጽ ራሱ በእነሱ የተሠራ ነው። ነገር ግን ሰው በእውነት የሚጓዝበትን መንገድ ይዘን ወደ እነዚህ ሦስቱ ስንቀርብ ሦስቱም ይወላከፋሉ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ፍሬ ያለበት እሱ ነውና። የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክንፉም የሚያነሣው፣ ሞተሩም የሚገፋው ያንሳል፤ ለአሥራ አራትና ለአሥራ አምስት ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ፣ መንገደኛና ሻንጣ ሞልቶ መነሣት ከባድ ነው። በዚያ ላይ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ይገፋዋል፣ የሚመለሰውን ያግዘዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ለብዙ ዓመታት ሲሄድ እንደ ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ይጨምር ነበር፤ ሲመለስ ግን ያለ ዕረፍት በአንድ ትንፋሽ ይገባል። መሄዱ 16 ወይም 17 ሰዓት፣ መመለሱ 13 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ቀልዱ ደግሞ በእጅ ሰዓቱ ላይ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ መንገደኛው ሲሄድ በቦታዎቹ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ የተጓዘ ይመስለዋል፤ ሲመለስ ግን ሃያ ሰዓት ያህል ያለፈ ይመስለዋል። ረጅሙ ጉዞ አጭር፣ አጭሩ ጉዞ ረጅም ሆኖ ይመዘገባል። የቀን መቁጠሪያችንን ልዩነት ማንሳት አልፈልግም፤ በእሱ ከተሄደ ሰውዬው ሲሄድ ሰባት ዓመት ያረጃል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። “የተለወጠው ጊዜው ነው፤ ርቀቱ እንዳለ ነው። ሁለቱን አታምታታ” ይለኛል። ተቃውሞው የሚረባ ነው፤ ግን የተቃዋሚው ንጹሕ ርቀት ራሱ ከጊዜ የነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የዓለም የመለኪያዎች ጉባኤ ሜትርን እንደ አዲስ ሲደነግግ፣ ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በአንድ ሰከንድ 299,792,458ኛ እጅ የሚሄደው መንገድ ነው ብሎ ነው። እንግዲህ ኪሎ ሜትር ማለት የአንድ የታወቀ ተጓዥ የጉዞ ጊዜ ነው፤ ተጓዡ ብርሃን ነው። ብርሃንን የመረጡትም ነፋስ የማይገፋው፣ ከፍታ የማያደክመው፣ በማንም ፊት ፍጥነቱ የማይለዋወጥ መንገደኛ ስለሆነ ነው። የደራ ሰው “የግማሽ ቀን መንገድ ነው” ሲል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ መንገደኛ እግር ያለው መሆኑ ብቻ ነው። እግር ደግሞ ወቅትን ያውቃል። ጉማራ ወንዝ በክረምት ሞልቶ የደራንና የፎገራን ሜዳ ሲያለብስ፣ በበጋ ግማሽ ሰዓት የማይሞላው ማዶ መንደር ከነሐሴ መስከረም ሌላ አገር ይሆናል። ጎሐ ጽዮን ጫፍ ላይ ቆሞ ደጀንን የሚያይ ሰው ያየዋል እንጂ አልደረሰበትም፤ በመካከላቸው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለትና አቀበት ተኝቷል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል “ስንት ኪሎ ሜትር ነው?” ከሚለው ጥያቄ በፊት “መንገድ ክፍት ነው ወይ?” የሚለው ይጠየቃል። እንግዲህ ክርክሩ ርቀት በጊዜ ይለካል አይለካም አይደለም። በማን ጊዜ ይለካ? የሚለው ነው።

በማን ጊዜ የሚለው ከተነሣ ደግሞ የነፋሱ ነገር ቀላል ሆኖ ይገኛል። ሦስት አራት ሰዓት ሲያንስ ሲበዛ የሰው ሕይወት አይለወጥም። ነፋስ የሌለበትን አለመመጣጠን እንይ። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ የአንበሳሜ ተወላጅ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰዉ ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ ከያዘ ቪዛ ሳይጠይቅ ይገባል። ዛሬ ቢቆርጥ፣ ገንዘቡና ፈቃዱ ካለው፣ በሦስተኛው ቀን እናቱ ደጅ ይቆማል። እናቱ ወደ እሱ ለመሄድ ሲነሡ ግን መጀመሪያ ፓስፖርት ማውጣት አለባቸው፤ ከዚያ ቀጠሮ መጠበቅ፣ አዲስ አበባ ወርደው ኤምባሲ ፊት መቅረብ፣ ሄደው እንደማይቀሩ ማሳመን። ሰባ ዓመት ከአንድ ቀዬ ያልተነቃነቀ ሰው እንደሚመለስ ማስረጃ ያምጣ መባሉ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከሁሉም በኋላ “አይሆንም” የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። መንገዱ አንድ ነው፣ አውሮፕላኑ አንድ ነው፣ ለልጁ ቁጥር ያለው መንገድ ለእናቱ ቁጥር የለውም። ከዚህ እዚያ ያለው ከዚያ እዚህ ካለው እኩል ነው ያለው ሒሳብ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሦስተኛውን ደንብ በአጭሩ ልለፈው፤ ከባሕር ዳር ሰመራ ለመሄድ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በወልድያ ቀጥ ብሎ በመኪና ከመጓዝ አዲስ አበባ ወርዶ በአየር መውጣት እንደሚፈጥን ትኬት ቆርጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዞሮ መሄድ አጠረ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚከፋ ሰው አለ፤ ምክንያትም አለው። ርቀት በተጓዡ፣ በወቅቱ፣ በወረቀቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ርቀት ተሰጠው ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ መለኪያ የሚባል ነገር ቀረ። “ሩቅ ነው” ማለት “ርቆብኛል” ከማለት አይለይም፤ ገና ሲጀመር የገፋሁት ስሜት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ከዚህ የሚያወጣኝ፣ የአንዱን ተጓዥ ጊዜ ከሌላው የሚያስተያይ የጋራ የሆነ፣ ማንም በፍላጎቱ የማያስረዝመውና የማያሳጥረው ጊዜ ከተገኘ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ አለ። አገሩም ከጥንት ጀምሮ ሲለካበት ኖሯል፤ መለኪያ ነው ብሎ አልጠራውም እንጂ።

አንበሳሜ ላይ ሰው ሲሞት ምን ይሆናል? የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎልማሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያመራሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይጥዳሉ። ሌሊት የሞተ ብዙ ጊዜ ዕለቱን፣ ከሰዓት የሞተ በማግሥቱ ይቀበራል። ከዚያ በፊት ግን ድንኳኑ ጥግ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚሠራ አንድ ስሌት አለ፤ ማን ማን ይደርሳል? የእስቴው አጎት በጠዋቱ መኪና ተነሥቷል፤ እሱ ይደርሳል። የባሕር ዳሩ ልጅ መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እኅት የጠዋቱን አውሮፕላን ካገኘች እስከ ሰባት ሰዓት ትገባለች፤ ስለዚህ ስድስት ሰዓት የታሰበው ቀብር ለእሷ ሲባል ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይገፋል፣ ካህናቱም እንዲያውቁት ይደረጋል። የዋሽንግተኑ ልጅ ስም ሲነሣ ግን የሚገፋ ሰዓት የለም። “እሱማ…” ይባልና ይታለፋል። ሩቅነት ማለት ይህች “እሱማ” ናት። ሩቅ ማለት ቀብሩ የማይጠብቀው ሰው ያለበት ቦታ ነው። ትርጓሜው ከማንም ናፍቆት ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሞቱበት ልጅ ሟቹን ይውደድ አይውደድ፣ ቢናፍቅ ባይናፍቅ፣ የደረሰ ደርሷል፣ ያልደረሰ አልደረሰም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውም ጎረቤት ስለሚወደን አይደለም፤ ቃሬዛውን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ነው።

ከቀብር ቀጥሎ ሣልስት አለ፤ ከዚያ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እነዚህን ቀኖች በተርታ ሳያቸው እንደ መለኪያ ዘንግ ይታዩኛል፤ በላዩ ላይ የተቆረጡት ምልክቶች ከሟቹ ደጃፍ ወደ ውጭ የሚሰፉ ክበቦች ናቸው። ለቀብር የሚደርስ አንድ ክበብ ነው። ለሣልስት የሚደርስ ከእሱ ቀጥሎ ያለ ነው፤ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ከመተማ ወይም ከሁመራ የሥራ ቦታው የሚነሣው። አርባን የሚደርሰው ፈቃድ መጠየቅ፣ ትኬት መግዛት፣ ልጆቹን አደራ መስጠት ያለበት ነው፤ ባሕር ማዶኛው እዚህ ይገባል። ወረቀቱ ያላለቀለት ደግሞ ለሙት ዓመቱ እንኳ አይደርስም፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ከአገሩ ያለው ርቀት በዚህ ዘንግ ላይ ምልክት የለውም። አሁን ዋሽንግተንና አንድ ያልተጠረገ የቆላ መንደር፣ ሳን ፍራንሲስኮና አንድ የጦር ግንባር፣ በአንድ ዘንግ ላይ ይለካሉ። ኪሎ ሜትሩ የማያገናኛቸውን ይህ ያገናኛቸዋል። በክረምት ወንዝ ሞልቶበት ከማዶ መንደር የቀረው ሰውና ከአትላንቲክ ማዶ የቀረው ሰው በዚያ ቀን እኩል ሩቅ ናቸው።

አንድ መሪጌታ ይህን ቢያነብ ዝም አይለኝም። እነዚህ ቀኖች የጸሎትና የመታሰቢያ ቀኖች ናቸው፤ ሣልስቱ ጌታ በሦስተኛው ቀን ከመነሣቱ፣ አርባው በአርባኛው ቀን ከማረጉ ጋር ይያያዛል፤ ለመንገደኛ ምቾት የተሠሩ አይደሉም ይለኛል። ልክ ነው። እኔም ለመንገደኛ ተሠሩ አላልሁም። አንድ ነገር የቆመበት ምክንያትና ከቆመ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁለት ናቸው፤ ፀሐይ የወጣችው ሰዓት ልትነግረን አይደለም፣ እኛ ግን ጠዋትን አንድ ሰዓት ብለን የምንቆጥረው በእሷ ነው። እንዲያውም ቀኖቹ ለርቀት ተብለው አለመሠራታቸው ነው ታማኝ መለኪያ ያደረጋቸው። ለዘመድ መምጫ ተብሎ የተቆረጠ ቀን ቢሆን ኖሮ ዘመድ ሲዘገይ ይገፋ ነበር፤ አርባ ግን አይገፋም። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሲያልፍ ይመጣል፣ ማንም ይኑር ማንም ይቅር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከከተማ የሚመጣ ነው። ዛሬ አቅም ያለው ቤተሰብ አስከሬኑን በሆስፒታል ማቀዝቀዣ አቆይቶ ልጆቹ ከውጭ እስኪገቡ ይጠብቃል፤ ታዲያ ቀብሩ ከጠበቀ ዋሽንግተን ቅርብ ሆነች ማለት ነው? በተቃራኒውም የሚሄድ አለ፤ እዚያ የሞተ ሰው ማኅበሩና ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተውለት፣ ወረቀቱ ተጨርሶ፣ በሕይወቱ ሊመለስበት ያልቻለውን መንገድ በሳጥን ሆኖ ይመለሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን የሚያረጋግጡልኝ እንጂ የሚያፈርሱብኝ አይደሉም። ቀብር ተገፋ ማለት የመጡት ሰዎች ርቀት በሟቹ ላይ ተጫነ ማለት ነው፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ደግሞ ይህን ርቀት የሚከፍልለት የለም። ሀብታም ርቀትን አላጠፋም፤ አስከሬኑ እንዲከፍለው አደረገ። ርቀት መኖሩን የሚመሰክረው ራሱ ክፍያው ነው።

ስልኩስ? ዱሮ ወሬና ሰው በአንድ እግር ነበር የሚሄዱት፤ መልእክተኛው ከደረሰበት ቦታ ሰው መነሣት ይችላል፣ መንገዱ ለሁለቱም እኩል ነው። አሁን ተለያዩ። ወሬው በቅጽበት ዋሽንግተን ይደርሳል፤ አካሉ ባለበት ነው። መርዶ የሚባለው ሥርዐት የተሠራው ይህ ክፍተት እንዳይከፈት ነበር ማለት እንችላለን፤ ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ተሰብስበው ሄደው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን ሳይሆን እንዲሰማ፣ ወሬው ከሰው ጋር እንዲመጣ። በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ሥርዐቱን ይዘውታል፤ ተጠራርተው ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ። ችግሩ አንድ ዘመድ ፌስቡክ ላይ ሻማ ለጥፎ የሚቀድማቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ ስልክ ርቀትን አጠበበ የሚለው ዘመናዊ ምስጋና ግማሽ እውነት ነው። ድምፅን አቀረበ፤ በዚያው ልክ በድምፁና በአካሉ መካከል ያለውን ስፋት አወጣው። ያልሰማ ሰው ቀብር ቀረ አይባልም፤ ሰምቶ፣ በስልኩ መስኮት ድንኳኑን እያየ፣ ካህናቱ ሲፈቱ እየሰማ የቀረ ሰው ነው የቀረው። “በቪዲዮ ተገኝቷል” የሚሉ አሉ። አልተገኘም፤ ያየ ነው። ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻና አፈር የሚያለብስ እጅ በመስኮቱ አያልፍም። ያም መስኮት ቢሆን የሚዘጋ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዋሽንግተን ያለው ልጅ በአንድ ሌሊት እንደ አያቶቹ ዘመን ራቀ፤ ኪሎ ሜትሩ ግን አንድም አልጨመረም።

የአውሮፕላኑ ተስፋ አለ ወይ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄት ሲያስገባ አውሮፕላኑ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነርን ሲረከብ፣ እሱም የሚበረው ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ፍጥነቱ እዚያው ነው፤ ነዳጁ ቀነሰ፣ ድምፁ ዝግ አለ፣ ሳያርፍ የሚሄደው ረዘመ እንጂ። ከድምፅ የሚፈጥነው ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ጀምሮ በ2003 ቆመ፤ ተተኪም የለውም። ቢመለስና የዋሽንግተንን መንገድ ስድስት ሰዓት ቢያደርገው እንኳ ከፓስፖርቱ፣ ከአዲስ አበባ አዳር፣ ከባሕር ዳር በረራ፣ ከሐሙሲት መገንጠያ በኋላ ከዘጠኝ ሰዓቱ ቀብር አይደርስም። የሚጎድለው በሰማይ ላይ ያለው ሰዓት አይደለም።

የቀረችኝ የመጀመሪያዋ ደንብ ናት፤ ማንኛውም ቦታ ከራሱ ያለው ርቀት ዜሮ ነው የምትለው። ለአርባ የመጣው ልጅ አንበሳሜ ገብቷል፤ በካርታው መሠረት ያለበትና የመጣበት አንድ ሆነዋል፣ ርቀቱ ዜሮ ነው። የቤቱ ሰዎች ግን እንዲህ አያዩትም። ከመኪና ሲወርድ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል፤ ሙሾ የምታወርደው ሴት ሟቹን በስሙ እየጠራች ልጁ መምጣቱን ትነግረዋለች፤ ጎረቤቱ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ በአርባ ቀን የጠገገው ቁስል ለእሱ ሲባል ይከፈታል። ይህን ላየ ሰው ጉዳዩ የስሜት መግለጫ ይመስለዋል። እኔ ግን ስሌት ሆኖ ይታየኛል። ሰዎቹ ልጁ በቦታ እንደደረሰ ያውቃሉ፤ በጊዜ ግን ገና በቀብሩ ቀን ላይ እንዳለ፣ ከእነሱ በአርባ ቀን እንደሚርቅ ያውቃሉ። እሱ እነሱ ወዳሉበት ቀን ዘሎ ሊመጣ አይችልም፤ ስለዚህ እነሱ ወደ እሱ ቀን ይመለሳሉ። ከዋሽንግተን አንበሳሜ ድረስ አውሮፕላንና መኪና ያልሸፈኑት የመጨረሻው ርቀት የሚሸፈነው እዚህ ነው፤ የሚጓዙትም ቤት የዋሉት ናቸው። የዚህ መንገድ ርዝመት በማንም ሠንጠረዥ ላይ የለም፤ ዕድሜ ግን አለው። ሟቹን የቀበሩት፣ ያን ዘጠኝ ሰዓት የሚያስታውሱት ጎረቤቶች በሕይወት እስካሉ ይሄዱበታል። በሃያ ዓመቱ የሚመጣ ሰው መቃብሩን የሚያሳየው ያገኛል፤ ወደዚያ ቀን አብሮት የሚመለስ ግን ላያገኝ ይችላል፤ ያኔ መንደሩ መሐል ቆሞም ቢሆን፣ በዚያ ዘንግ ሲለካ፣ ገና አልደረሰም።